ጥቁር የዋና ልብስ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ባሌ ሞቶ ዓመቱ ሳይወጣ ልጆቼን ይዤ ኦሽን ሲቲ፣ ባሕሩ ዳርቻ ያለው የውሃ መጫወቻ ሄጃለሁ። አዎ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ያልተባለ ካለም እኔው እጨምርበታለሁ፤ ማንም እንዳይቸገር።

ጌጤነሽ እባላለሁ። ባሌ ንጉሴ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሆቴል ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው። በጥር፣ ጥምቀት በዋለ ሳምንት፣ የእንግዳ መኪና አቁሞ ሲወርድ ልቡ ቀጥ አለች። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉን፤ ብስራት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሩሃማ ደግሞ ስምንት። እድሩ አላሳፈረንም። ቀብሩንም፣ ምግቡንም፣ ወንበሩንም ችለውታል፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ይሄን የሚክድ አፍ የለኝም። ነገር ግን አርባውም ወጣ፣ ፋሲካም አለፈ፣ የኔ ቤት የለቅሶ ቤት እንደሆነ ቀረ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ይመጣል። ይቀመጣል፣ ይተክዛል፣ "አይ ንጉሴ" ይላል፣ ይሄዳል። ቴሌቪዥኑ ከጥር ጀምሮ ነጠላ እንደለበሰ ነው።

እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ እችለዋለሁ። ሩሃማ ግን ሕፃን ናት። ያቺ ልጅ ስትስቅ ታችኛው ፎቅ ድረስ ነበር የሚሰማው። አንድ እሁድ፣ እኔ ማጀት ሆኜ፣ ምን ትዝ እንዳላት እንጃ፣ ሰው በተቀመጠበት ክትክት ብላ ሳቀች። ከመጡት ሴቶች አንዷ ጭኗን ቆንጥጣ "የአባትሽ ዓመት ሳይወጣ?" አለቻት። ይሄን የሰማሁት ኋላ ከብስራት ነው። የሰማሁ ዕለት ሴትዮዋን ባገኛት ኖሮ እኔም የምቆነጥጠው ቦታ አላጣም ነበር።

ከዚያ ሰኔ መጣ፣ ትምህርት ተዘጋ። ከሥራ ስገባ መታጠቢያ ቤት ውሃው ይንዠቀዠቃል። ጠበቅሁ፣ አያባራም። ይቺ ልጅ ቆዳዋን ልትልጠው ነው እንዴ ብዬ በሩን ገፋ አደረግሁት። ሩሃማ ልብሷን እንደለበሰች ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የእህቷን ስልክ ይዛ የሚያስቅ ነገር ታያለች። ቧንቧውን እስከ ጥጉ ከፍታዋለች፣ በእጇ አፏን አፍናለች፣ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ስታየኝ ክው አለች። ምን እያደረግሽ ነው ስላት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ ውሃው ከተከፈተ ማንም አይሰማኝም አለችኝ።

ቧንቧውን ዘግቼ አቀፍኳት። ከዚያ ንዴቴ መጣ። ልጇ ለመሳቅ ስትደበቅ አይታ ያልተናደደች እናት በምን ልትናደድ ነው?

የዚያኑ ዕለት ብስራትን ጠርቼ፣ ሰው እንደልቡ የሚጮህበት ቦታ ፈልጊልኝ አልኳት። ያበድኩ መስሏት ትንሽ አየችኝ። ገብቷት ኖሮ ግን አልጠየቀችኝም፤ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ባሕሩ አጠገብ ያለ የውሃ መጫወቻ ነው። መንሸራተቻው ከኛ አፓርታማ ይረዝማል። ከላይ ጀምሮ እስከ ታች የሚጮህ እንጂ ዝም ብሎ የሚወርድ ሰው አንድ እንኳ የለም። በቃ፣ ይሄ ነው አልኳት።

ለሄኒ ደወልኩላት። ሄኒ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አብሮ አደጌ ናት፤ ማንንም አታፍርም፣ መኪናዋም ሰፊ ነው። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ያዘች፤ ፍልሰታ ሳይገባ መሄድ አለብን፣ ጾም ገብቶ የሰው ጥብስ እየሸተተኝ ፀሐይ ላይ አልውልም አለች። ስለዚህ የሐምሌን መጨረሻ ቅዳሜ ቆረጥን። ቦሱን ኦፍ ጠየቅሁት፣ ሰጠኝ። ብስራት ትኬቱን ኦንላይን ገዛች። ሩሃማ ብቻ ነገሩን አላመነችም፤ በየቀኑ እየመጣች በእርግጥ ተፈቅዶልናል ወይ ትለኛለች። ማን ነው የሚፈቅደው እላታለሁ።

የዋና ልብስ ልንገዛ ስፕሪንግፊልድ ሄድን። ብስራት አንድ ሰማያዊ ነገር አንስታ መጣች። አይሆንም አልኳት። ከንጉሴ ሞት ወዲህ ከጥቁር በቀር ለብሼ አላውቅም፤ ዓመቱ እስኪወጣም አለብስም። ሐዘኔን እኮ ጣልኩት አላልኩም። እጅጌ ያለው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር የዋና ልብስ አገኘሁና ገዛሁ። ጸጉሬም ለሐዘን እንደተቆረጠ ነው፤ ለዋና እንዲህ ይመቻል ብሎ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ የሚያውቅ አልነበረም። ያጠፋሁት እኔው ነኝ። የምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ብሬክ ላይ ሆኜ ለሄኒ በቫይበር ድምፅ ላክሁላት። "ሄኒዬ፣ ጥቁሩን የዋና ልብስ ገዛሁ፤ ውፍረቴን ካልሆነ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። ያን ትልቁን መንሸራተቻ ሳልወርድ ብመለስ ጌጤነሽ አይደለሁም። አንቺ ዶሮ አሩስቶውን ፎጣው ሥር ደብቂው፣ በር ላይ ይፈትሻሉ" አልኳት። ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ። የመለሱልኝ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። "እኅታችን፣ መልእክቱ ለኛ ነው?" ይላል።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እንዲህ ነው ለካ። ሄኒን ነካሁ ብዬ የእድሩን ግሩፕ ነክቼ ኖሯል። ጠቅላላ አባሉ፣ ቄሱ ሳይቀሩ፣ የኔን ውፍረትና የዶሮዋን መደበቂያ ሰምተዋል።

ከዚያማ ስልኩ ነደደ። ከላንግሊ ፓርክ እስከ ስፕሪንግፊልድ ያልሰማ የለም። ግማሹ ቀስ ብሎ ይመክረኛል፤ ገና እኮ ነው፣ ዓመቱ ይውጣ፣ ያኔ ማን ይከለክልሻል ይላል። ግማሹ ለኔ ሳይሆን እርስ በርሱ ይደዋወላል። አንዷ ሌላ ወንድ ይዛለች ብላለች አሉ። ሰውየውን ካገኙት እኔንም ያስተዋውቁኝ።

ብስራት መልእክቱን ደሊት እናድርገው አለችኝ። ስልኩን ከእጇ ተቀበልኳት። እውነቴን ነው፣ ላጠፋው ነበር። ሩሃማ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ቀረ አይደል የሚል ዓይን። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ሌላ ድምፅ ቀዳሁ፤ አሁን ግሩፑን በደንብ አይቼ። "ጌጤነሽ ነኝ። የቀደመው በስህተት ነው፤ ይሄኛው ግን በስህተት አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቼን ይዤ ኦሽን ሲቲ እሄዳለሁ። ልጆች ያላችሁ አብራችሁን ኑ። የምትናገሩት ያላችሁ ደግሞ እኔን አናግሩኝ፤ ልጆቼን ግን ማንም እንዳይናገርብኝ።" ላክሁት።

ያ ሁሉ ሰው ሲያወራ አንድ ሰው ብቻ አልደወሉልኝም፤ የንጉሴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ከፈለ። የምፈራውም እሳቸውን ነበር። ንጉሴን ወደዚህ አገር ያመጡት እሳቸው ናቸው፣ የቀበሩትም እሳቸው። ዓርብ ማታ ታክሲያቸውን አቁመው መጡ። ሶፋው ላይ፣ ከንጉሴ ፎቶ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጆቹን ወደ መኝታ ቤት ላክኋቸው።

"ጌጤ፣ እንዳልሰማ ልሆን ነበር" አሉኝ። "የወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ ውሃ ልትራጩ ነው?"

ሩሃማን መታጠቢያ ቤት እንዴት እንዳገኘኋት ነገርኳቸው። ቧንቧውን፣ አፏን መያዟን፣ ያለችኝን፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንድማቸው ነው የሞተው፣ እሱን እንደ ልጅ ነው ያሳደጉት። የሚያጽናናኝ መስሏቸው ነው እንዲህ ያሉኝ።

"ልጅ አይደለች? ትለምደዋለች።"

"እሱን ነው የፈራሁት፣ ጋሽ ከፈለ። መልመዷን ነው የፈራሁት" አልኳቸው።

ሰው ምን ይላል አሉኝ። የሰው አፍ ፈርቼ የልጄን አፍ አልዘጋም አልኳቸው። በሕይወቴ ለጋሽ ከፈለ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸውም እንዲህ ተነግሯቸው የሚያውቁ አይመስለኝም። ተነሡ። ካፖርታቸው ሐምሌ ስለሆነ የለም፤ የሚያነሡት ሲያጡ ቁልፋቸውን ሁለት ጊዜ ኪሳቸው ከትተው አወጡት።

"እንግዲያው ለሙት ዓመቱ እኔን አትቁጠሪኝ" አሉኝ።

"እቆጥርዎታለሁ። ቢመጡም ባይመጡም ወንበርዎን ማንም አይቀመጥበትም።"

ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። በሩን ዘግቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። በዚህ አገር ከሳቸው ሌላ የሥጋ ዘመድ የለንም። ብስራት ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ በእንግሊዝኛ፣ አሁንም እንሄዳለን ወይ አለችኝ። በጠዋት ተነሺ አልኳት።

ሄድን። ከእድሩ የመጣ አንድ ሰው የለም። ሄኒ መንገዱ ላይ ባሕሩን የሚያቋርጠውን ረጅም ድልድይ ስንሻገር ዓይኗን ውሃው ላይ አድርጋ እየነዳች ነፍሴን አወጣቻት። ሩሃማ ኋላ ተቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ዶሮዋን በር ላይ አገኟትና ወደ መኪናው ተመልሰን በላናት።

ጫጫታውን ገና ከፓርኪንጉ ሰማነው። ስንገባማ ጉድ ነው። ሕፃኑ ይጮሃል፣ አባትየው ይጮሃል፣ ያረጁ ሴትዮ ሳይቀሩ ተንሸራተው እየወረዱ ይጮሃሉ፤ ማንም ማንንም አያይም። እኔ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ተጀቡኜ በፀሐይ ስሄድ ትንሽ ታይቻለሁ፤ ይዩኝ። ሩሃማ ግን እጄን ጨምድዳ ይዛለች። ትናንሾቹን መንሸራተቻዎች ወረደች፤ ፊቷ ያበራል፣ ድምፅ ግን የለም። ከውሃው ስትወጣ እጇ አፏ ላይ ነው። ሄኒ አየችና ፊቷን አዞረች። እኔ አላዞርኩም፤ ወደ ትልቁ ወሰድኳት።

ደረጃው አያልቅም። ጫፍ ስንደርስ ባሕሩ ሁሉ ይታያል፣ ነፋሱ ያርገፈግፋል። ሁለት ሰው የሚይዘው ጎማ ላይ እሷን ከፊት፣ እኔን ከኋላ አስቀመጡን። አንገቷን ወደኔ አዙራ "ማሚ፣ እዚህ መጮህ ይቻላል?" አለችኝ።

"ካልጮህሽ ይመልሱሻል" አልኳት።

ለቀቁን። ቱቦው ጨለማ ነው፤ ውሃው ፊታችንን ይገርፈዋል። መጀመሪያ እሷ አልጮኸችም። ከዚያ አንድ ቦታ ጎማው ግድግዳው ላይ ወጥቶ ሲመለስ ያ የድሮ ሳቋ ፈንድቶ ወጣ፤ ቱቦውን ሞላው። እፎይ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን እፎይታ አይደለም። "ንጉሴ!" አልኩ። "ንጉሴዬ! የት ሄድክብኝ!" እስከ ታች ድረስ አላቆምኩም። ሞቱን ሰምተን ከሆስፒታል የተመለስን ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ቤቴ ገብቼ ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሽ ከፈለ ትከሻዬን ይዘው "ቀስ በይ ጌጤ፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል" አሉኝ። ዋጥኩት። አርባው ላይም ዋጥኩት። ባሌን አላለቀስኩትም ነበር፤ ያን ሁሉ ወር ጥቁር ለብሼ አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩትም።

ቱቦው ታች ገንዳው ውስጥ ወረወረን። ውሃው ወገቤ ድረስ ነው። እዚያው ቆሜ ደረቴን እየደቃሁ እንደ አገሬ ሰው አለቀስኩት። የገንዳው ጠባቂ ፊሽካዋን ነፍታ ወደኛ ሮጠች፤ ተጎድተሻል ወይ፣ ሰው ልጥራ ወይ ትለኛለች። እኔ ለቅሶዬን አላቆምኩም። ሩሃማ ጸጉሯን ከፊቷ ጠረገችና በመካከላችን ቆመች። እናቴ አልተጎዳችም፣ አባቴን እየጠራችው ነው አለቻት፤ በእንግሊዝኛ፣ ገንዳው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብላ።

ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ደረጃው ጎተተችኝ።

"ነይ ማሚ" አለችኝ፣ "እንደገና እንጥራው።"