ያልተዘፈዘፈ ጨርቅ

ባሌን የከተማው ሰው ሁሉ «ዓይነ ሜትር» ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ልብስ ሰፊ ነው፤ ግን ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አያውቅም ነበር። ደንበኛው በሩ ላይ ቆሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ እሱ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለክቶት ቁጭ ይላል። «እስቲ ዞር በል» እንኳን አይልም። እኔንም ያገባኝ እንደዚሁ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አየኝ፣ ከዚያ ቀሚስ ሰፍቶ ላከልኝ። ልክክ አለ። ቀሚሱ እንዲህ ልክክ ካለ ሰውየውም ልክክ ይልልኛል ብዬ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር አልተሳሳትኩም። ስህተት የመጣው ከኔ ነው፤ እሱም ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ።

ሱቃችን አንድ ክፍል ናት። የእሱ የስፌት መኪና ብርሃን እንዲያገኝ በሩ ጋ ነው፣ የኔ ግድግዳው ሥር። ከመጋረጃው ጀርባ እኛና አንድ ልጃችን እንኖራለን። በሩ የሚከፈተው ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ እንጀራችንም ከዚያው መንገድ ነበር። የከተማዋን ተማሪዎች ዩኒፎርም የምንሰፋው እኛ ነን። ውል የለ፣ ወረቀት የለ። ባሌ ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ በርጩማው ላይ ይቀመጥና የሚያልፉትን ልጆች ያያል።

«የአናጢው ልጅ ትከሻው እየሰፋ ነው» ይለኛል። «የዳቦ ጋጋሪዋ ትንሿ ደግሞ እግሯ ቀድሟታል። ትምህርት ቤት እስከሚከፈት ሁለት ጣት ትጨምራለች።»

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለእያንዳንዱ ልጅ በሚያድገው ልክ ይቆርጥለታል። የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ኮሌታው ውስጥ በክር ምልክት ያደርጋል፤ ለአናጢው ልጅ መዶሻ፣ ለዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ዳቦ፣ ለሹፌሩ መንታዎች ጎማ። እናቶች ትምህርት ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው መጥተው ምልክታቸውን ፈልገው ይወስዳሉ። የሚለካ የለም። ምን ይለካል?

የኔ ሥራ ከመቀሱ በፊት ነው። ጣቃው ሲመጣ ሙቅ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ጥላ ላይ አደርቀዋለሁ፣ እተኩሰዋለሁ። ይሄ ጨርቅ ሳይዘፈዘፍ ከተቆረጠ በኋላ ሙቅ ውሃ ሲያገኘው በርዝመቱ ያጥራል። ባሌ መቀሱን አንስቶ «ተዘፍዝፏል?» ይለኛል። «ተዘፍዝፏል» እለዋለሁ። ይቆርጣል። በዓመት ውስጥ ከዚህ ያጠረ ንግግር አልነበረንም፤ ከዚህ የታመነም አልነበረንም።

ዘንድሮ ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ነበር የሚመጣው። ወገቤም ለሁለት ይቆረጥ ይመስል ያመኛል። እሱ ላይ ደግሞ ተናድጄ ነበር። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የተሰፋ ልብስ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ተከፍቷል። የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር እዚያ ሲገባ ሲወጣ አይቼዋለሁ።

«ጨርቁን ከማስመጣትህ በፊት ሂድና ዳይሬክተሩን ጠይቀው» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ዘንድሮም እንሰፋለን ወይ ብለህ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ማን ጠይቆ ያውቃል?» ብሎ ሳቀብኝ። «ልጆቹ እያደጉ አይደል እንዴ?»

ሳቁ ነው ያናደደኝ። ጣቃው መጣ፤ ግቢው ውስጥ ተደርድሮ ሳየው ደሜ ፈላ። ይሄን ያህል አዋቂ ከሆነ ውሃውንም ራሱ ይቅዳ፣ አልኩ በሆዴ። እፍኝ እፍኝ ውሃ እየረጨሁ በካውያ ደፈጠጥኩት። ላዩ ቢታይ አንድም እንከን የለው።

«ተዘፍዝፏል?»

«ተዘፍዝፏል።»

በማግስቱ ንዴቴ ወጣልኝ። ግማሹ ግን ተቆርጧል። እናቶች ቢያማርሩ ጠርዙን ፈትቼ አወርድላቸዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል ደግሞ ጎበዝ ነው።

ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዳይሬክተሩ መጣ። ሻይ አፈላሁለት፣ አልጠጣውም። ስለ ዝናብ አወራ፣ ስለ መንገዱ አወራ። የተሰቀለውን ውሃ ሰማያዊ ዩኒፎርም ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ቀለሙ ተቀይሯል። ጥቁር ሰማያዊ ይሁን ተብሏል።»

«ማን አለ?» አለ ባሌ።

«ከላይ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ወላጅ ከፈለገው ቦታ ይግዛ፣ ቀለሙ ብቻ አንድ ይሁን። ላሳውቅዎት ነበር... ሥራ በዛብኝ።»

ባሌ በሩ ድረስ ሸኘው፤ ሰው አክባሪ ነው። ተመልሶ ግን መኪናው ላይ አልተቀመጠም። አንዱን ሸሚዝ አውርዶ ኮሌታውን ገልብጦ መዶሻዋን በአውራ ጣቱ ያሻት ጀመር። ሁለት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። አስር ጊዜ «ብዬህ ነበር» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቷል፤ ፊቱን ሳየው እመልሰዋለሁ። ያለን ጥሪት በሙሉ እነዚያ ልብሶች ላይ ተሰቅሏል። እነሱ ካልወጡ ለከርሞ ጨርቅ መግዣ የለንም፤ ሱቁም አይኖርም።

በሦስተኛው ቀን ልጃችን ከመጋረጃው ወጣች።

«አባዬ፣ ለምን ቀለም አንነክረውም? ከውሃ ሰማያዊ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል እኮ።»

ባሌ ቀና አለ። አየኝ፣ እሷንም አያት፣ ከዚያ ሳቀ። «ይቺን ልጅ አንቺ ብቻሽን አልወለድሻትም!» ብሎ ግንባሯን ሳመ።

እኔ ክው አልኩ። ቀለም የሚነከረው በፈላ ውሃ ነው። ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ፣ እምላለሁ ከፍቼ ነበር። ግን ሰውየው በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳቦ አንስቶ እየገመጠ ነው።

«ቀለሙ ቢለቅስ?» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው።

«እንሞክረዋ!»

የቀረንን ቁርጥራጭ ጨርቅ በሙሉ ለቅሞ መጀመሪያ እሱን በርሜል ውስጥ ጨመረ። ተነክሮ ሲወጣ ያማረ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት፣ ምን ልበላችሁ፣ ቤታችን ውስጥ ሠርግ ያለ ነበር የሚመስለው። እሱ ያማስላል፣ ልጄ ትጨምቃለች፣ እኔ አሰጣለሁ። ሦስታችንም እጃችን እስከ ክርናችን ሰማያዊ ሆነ። ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ «እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ?» ስትል ባሌ «ወላጆች ልጆቻቸውንም ይዘው ይምጡ፣ ከነአካላቸው እንነክራቸዋለን» አላት። እንደዚያ ሲቀልድ ከሰማሁት ዓመታት አልፈዋል።

ስተኩስ አየሁት። እጅጌው አጥሯል፣ ሱሪው አጥሯል። እርጥቡን በካውያ እየተጫንኩ በሌላው እጄ እጎትታለሁ። ክንዴ እስኪዝል ጎተትኩ። የተወሰነ የሚረዝም መሰለኝ። በቃ፣ ያልፋል አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ በእናቶች ተሞላ። መጀመሪያ የመጣችው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። ትንሿ ልጇ አዲሱን ቀለም ስታይ አላስችል ብሏት እዚያው ለበሰችው። እጅጌው ከአንጓዋ በላይ ቀረ። ቀሚሱም ጉልበቷን አልሸፈነም።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ለታናሿ ነው እንዴ የሰፉት?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። ሰው ሳቀ። ባሌም ሳቀ።

«አንቺ እርሾ አብዝተሽባት ነው» አላት።

የአናጢው ልጅ ለበሰ፤ አጠረ። የሹፌሩ መንታዎች ለበሱ፤ የሁለቱም አጠረ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ልጄ ለታላላቆቹ የተሰፋውን ለታናናሾቹ ታለብስ ጀመር፤ ወርዱ ስላልቀነሰ ልጆቹ ጆንያ ውስጥ የገቡ መሰሉ። ባሌ መሃል ቆሞ ከአንዱ ልጅ ወደ አንዱ ያያል። የጨርቅ ነገር መሆኑን ልምዱ ነግሮት ኖሯል መሰለኝ፣ ወደኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ ተጠንቅቆ ጠየቀኝ።

«ጨርቁ ተዘፍዝፎ ነበር አይደል?»

ልጄ ታየኛለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ታየኛለች።

«ተዘፍዝፏል» አልኩ።

አላሰብኩትም። ለሃያ ሁለት ዓመት ለዚያ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጥቼው ስለማላውቅ አፌ ራሱ መለሰለት። እሱም ልምዱን ትቶ እኔን አመነ። «እንግዲያው ዓይኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ዓይኑን በሰማያዊ እጁ አሸት አሸት አደረገና እንደገና ልጆቹን አየ፤ ከዚያ ማየቱን ተወው። እናቶች አንድ በአንድ «ግድ የለም ጋሼ» እያሉ ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፣ ሁሉም ወደ መናኸሪያው ሱቅ ነው የታጠፉት።

በዚያው ሳምንት ሜትር ገዛ። አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥለው አንጀቴን በላው። ኮት ሊያሰፋ የመጣን ሰው ሦስት ጊዜ ለካው፣ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ እንደገና ለካው። እንዳያጥር ፈርቶ አስረዝሞ ቆረጠው። ሰውየው የአባቱን ኮት የለበሰ መስሎ ወጣና በየሻይ ቤቱ አወራ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣልን ቁልፍ የተበጠሰበት ብቻ ሆነ። ልጄ መናኸሪያው ሱቅ ተቀጥራ የሱሪ ጠርዝ ማጠፍ ጀመረች። የነከርናቸው ልብሶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ቀሩ። ባሌ በመጨረሻ «መኪናዬን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፣ ከሰዓት መጥቶ ይወስዳል» አለኝ።

መኪናውን ዘይት እየቀባው ነበር። ለሚሸጥ መኪና ዘይት ይቀባል፤ እሱ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ መቻል አቃተኝ።

«አትሽጠው» አልኩት። «ዓይንህ ምንም አልሆነም። ጨርቁን አልዘፈዘፍኩትም። ተናድጄብህ ነው፣ ውሃ ረጭቼ ተኮስኩት። ሁለት ጊዜ ጠየቅኸኝ፣ ሁለት ጊዜ ዋሸሁህ።»

የዘይቱን ጨርቅ እንደያዘ እጁ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። ፈገግ አለ።

«ለኔ ብለሽ ነው» አለኝ።

«ልጄን ይንሳኝ፣ እውነቴን ነው!»

«በልጃችን አትማይ» አለ። ቁጣ የለውም። «ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ዋሽተሽኝ አታውቂም። አሁን አዝነሽልኝ አትጀምሪ።»

የማሳየው ነገር ፍለጋ ሮጥኩ። ሙቅ ውሃ ያልነካው አንዲት ክንድ ጨርቅ ባገኝ ዓይኑ እያየ እነክርለት ነበር። ቅርጫቱን ገለበጥኩ፣ አልጋ ሥር ገባሁ። ያገኘሁት ቁርጥራጭ ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከበርሜሉ የተረፈች አንዲት አልነበረችም። ከወለሉ ላይ እጄን ይዞ አነሳኝ፣ ጉልበቴን ከአቧራ አራገፈልኝ፣ «ወገብሽን ያምሻል እኮ» አለኝ። እንዲህ ከሚያዝንልኝ ምነው በገደለኝ።

ገዢው መጣ፣ መኪናውን ጭኖ ሄደ። ወለሉ ላይ አራት የእግር ምልክት ቀረ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። በርጩማውን ግን ወደ ውስጥ አስገብቶታል፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው። ልጆቹ እያወሩ ያልፋሉ። ዛሬ የዳቦ ጋጋሪዋ ትንሿ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ ዓይነ ሜትር! ደህና አደሩ?»

«ደህና አደርሽ የኔ ልጅ። ማን ነሽ አንቺ?»

«እኔ ነኛ!» ብላ እጇን አወዛወዘችለት። የመናኸሪያው ሱቅ ዩኒፎርም እጅጌ ጣቶቿን አልፎ ይንጠለጠላል፤ በትንሹ ሦስት ጣት ይተርፋታል። እኔ እንኳን አየሁት። እሱ አልዞረም።