ከሙጫው ሥር ሦስት መስመር

በማተሚያ ቤቱ «ሚሊሜትር» ነው የሚሉት። የብስኩት፣ የዱቄት ሾርባ፣ የቋሊማና የከረሜላ ማሸጊያ የሚነድፈው እሱ ነው፤ ደንበኛ የፈለገውን ያህል ቢያግበሰብስ ሚሊሜትር ቦታ አጥቶ አያውቅም። «ሕፃኑ ይሳቅ፣ ላሟም ትታይ፣ ‹አዲስ› የሚለው በቀይ ይግባ፣ ሜዳሊያውም እንዳይቀር» ቢሉት አንዴ ጭንቅላቱን ነቅነቅ ያደርግና ሁሉንም አንድ ፊት ላይ ያሰፍራቸዋል። እሱ ያሳመረው ካርቶን ውስጥ ያለውን የበላ ሰው ሆዱ ምን እንደሚል ግን ጠይቆ አያውቅም። ሆድ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።

ከሁለት ወር በፊት «ስኳር አልባ» የሚባል ከረሜላ መጣ። የከረሜላው ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ፣ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ በር የሚያንኳኳ ሰው፣ ፓኬቱ ላይ ትልቅ አረንጓዴ ቅጠል ይሁን አለ።

«የምን ቅጠል?» አለ ሚሊሜትር።

«ቅጠል ነዋ!»

«ከረሜላው ውስጥ ቅጠል አለ እንዴ?»

«ወንድሜ፣ ላም ያለበት ብስኩት ውስጥ ላም አለ?»

እውነቱን ነው፤ ላሟን የሣላት ሚሊሜትር ራሱ ነበር። ስለዚህ ቅጠሉም ተሣለ፤ ጤዛ ጠብ ሲልበት ሁሉ ይታያል። ችግር የሆነው ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው። ሕጉ የግድ ይጻፍ ይላል፦ ማጣፈጫው ዛይሊቶል ነው። ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ለውሾች መርዝ ስለሆነ ከውሾች ይራቅ። መስመሮቹን የትም ቢያደርጋቸው ቅጠሉን ይጋፋሉ፤ የሽያጭ ኃላፊው ደግሞ «ቅጠሉ መተንፈስ አለበት» ብሎ ድርቅ አለ። ሕጉ ይጻፍ አለ እንጂ የት እንደሚጻፍ አላለም።

ካርቶን ሲታጠፍ አንደኛው ጠርዝ ሙጫ ይቀባና ከሌላው ሥር ይገባል። እዚያ እጥፋት ላይ ማንም ምንም አይጽፍም፤ ማን ያየዋል ብሎ? ሚሊሜትር ጻፈ። አርባ አንድ ሚሊሜትር በዘጠኝ፤ ሦስቱም መስመር ልክክ አሉ።

ቅጠሉ ተነፈሰ። የሽያጭ ኃላፊው አቀፈው። አለቃው «ይሄ ሰውዬ እኮ ጉድ ነው!» እያለ ቢሮ ለቢሮ አዞረው፤ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ ከወረቀቱም ጋር ሃያ አራት ፓኬት ከረሜላ። የመስመሮቹን ወርድና ቁመት ዛሬም ቢጠይቁት በቃሉ ይነግራቸዋል። ምን እንደሚሉ ግን ሳምንት ሳይሞላ አብዛኛው ከጭንቅላቱ ወጥቶ ነበር።

ከረሜላውን ለማን ይውሰደው? ለአማቱ ነዋ። የሚስቱ አባት አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። አርባ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ፣ ሳያነቡ ምንም የማያምኑ ሰው ናቸው። የስኳር በሽታ ዓይናቸውን ካደከመው ወዲህ ግን የሚያነብላቸው ሚሊሜትር ነው። የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የውሃውን ደረሰኝ፣ የሳሙናውን ልባስ ሳይቀር ይሰጡትና «ምን ይላል?» ይላሉ። ሲጨርስ ደግሞ ሁልጊዜ «ሌላስ?» ይላሉ። በ«ሌላስ» ካላጣሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የሚያጫውቷት አንዲት ውሻ አለቻቸው። እግሯ አጭር፣ ጆሮዋ መሬት የሚጠርግ፣ ቡናማ ነገር ናት። «እሜቴ» ነው የሚሏት። ጠዋት «እሜቴ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሏታል፤ ጅራቷን ስትወዘውዝ «ተመስገን በይ» ይላሉ። ልጃቸው በስፌት ሱቋ፣ አማቻቸው በቅጠሉ ተጠምደው ስለሚውሉ፣ እሷ ባትኖር እኚያ ሰው ከግድግዳ ጋር ነበር የሚያወሩት።

«አባባ፣ ከረሜላ አመጣሁልዎ» አለ ሚሊሜትር።

«ልትገድለኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ሐኪም ጣፋጭ ከከለከላቸው ሦስት ዓመታቸው ነው።

«ይሄኛው ስኳር የለውም።»

ፓኬቱን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት፤ አረንጓዴ ነገር እንጂ ሌላ አልታያቸውም። መለሱለት። «ምን ይላል?»

«‹ምንም ስኳር የሌለው፤ ጣዕሙ ከተፈጥሮ።›»

«ሌላስ?»

እዚህ ላይ ቆም አለ። ከእጥፋቱ ሥር ስለ ሆድ የሆነ ነገር እንደጻፈ ትዝ ብሎታል። ግን የሽማግሌው ፊት እንዲያ በርቶ ሳለ ስለ ሆድ ምን ያስወራዋል? ደግሞም በሙጫ የተጣበቀ ነገር እንዴት ይነበባል?

«ሌላ የለም፣ አባባ።»

አንዷን ምላሳቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ኧረ እግዜር ይስጥህ! ከወለድኩት ያልወለድኩት በለጠኝ» አሉ፤ ያውም ልጃቸው እዚያው ተቀምጣ። ሚሊሜትር ያን ቀን ከመሬት አንድ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ዋለ።

በሁለተኛው ሳምንት የሽማግሌው ሆድ ማውራት ጀመረ። ሳሎን ቁጭ ብለው ዜና ሲሰሙ ከዜና አንባቢው በላይ ይጮኻል። ይነፋቸዋል፣ ይቆርጣቸዋል፣ በድንገት ያስሮጣቸዋል። ልጃቸው የሱሪያቸውን ወገብ ሁለት ጊዜ ፈትታ አሰፋችው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባ። መጀመሪያ ጥቅል ጎመን ተከሰሰና ከቤት ተባረረ። ቀጥሎ ባቄላ። ቀጥሎ ወተት። ውሃው ተጠርጥሮ መፍላት ጀመረ፤ ነፋሱ ተጠርጥሮ መስኮቱ ተዘጋ። ምስኪኑ ሰውዬ የሚወዱትን ሁሉ ተከልክለው የቀራቸው ሚሊሜትር «ናሙና ነው» እያለ የሚያመጣው የዱቄት ሾርባና ቋሊማ ሆነ። ለመጽናኛ ደግሞ ከረሜላውን በቀን ከአምስት ወደ አሥራ ሁለት አሳደጉት። ቅጠል ያለበትን ማን ይጠረጥራል?

አንድ ሰው ያውቃል። ያ ሰው አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ፎጣ ተሸክሞ ቆሞ ነበር።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሥራህን አስረፈድኩብህ» አሉ ከውስጥ። «እርጅና ነው፤ ምን ላድርግ?»

«አይዞዎት፣ አባባ። ይለምድዎታል» አለ ሚሊሜትር። አሁን ምን ብሎ ይጀምረዋል? «ያ አነበብኩልዎ ያልኩት…» ይበል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው፤ የፈጀው ግን የእሱን ሆድ አልነበረም።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ሽማግሌው ከበረንዳ ጮኹ። እሜቴ አስመልሷት፣ ልነሳ ስትል እግሯ እየከዳት ግድግዳ ትደገፋለች። ከዚያ ተዘረጋች፤ መንጋጋዋ ይንቀጠቀጣል። ሚሊሜትር በፎጣ ጠቅልሎ አቀፋት። ሽማግሌው ባዶ እግራቸውን ታክሲ ውስጥ ገቡ፤ ጫማ መኖሩንም አላስታወሱም።

የእንስሳት ሐኪሟ ጥያቄ የማታበዛ ሴት ናት። ከእሜቴ ጆሮ ጠብታ ደም ወስዳ ለካች። «ስኳሯ ወድቋል። ምን በላች?»

«ክፉ ነገር አልሰጠኋትም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ስኳር ለውሻ አይሆንም ሲሉ ስለምሰማ በሕይወቷ ጣፋጭ አላቀመስኳትም። ይሄ ግን ስኳር የለውም። እኔ ስበላ እሷ ታየኛለች፤ አንጀቴን በላችኝና ስድስት ሰጠኋት።» ፓኬቱን ከኪሳቸው አወጡ። በአገጫቸው ወደ ሚሊሜትር አመለከቱ። «እሱ አንብቦልኛል።»

ሐኪሟ ፓኬቱን በስድስቱም ፊት አገላበጠችው። «ቅጠል ብቻ ነው እኮ። ማጣፈጫው የታለ? አንዳንዱ ሆድ አስቀምጦ ይለቃል። በአንዱ ግን የውሻ ሰውነት ስኳር እየመሰለው ይታለልና የደሟን ስኳር በአንዴ ያወርደዋል፤ ከዚያ ጉበቷ ውስጥ ነው የሚገባው። ግሉኮስ አሁን እሰጣታለሁ። ጉበቷን ላክም ወይስ ሌላ በሽታ ልፈልግ? እሱን ካላወቅኩ ትሞትብኛለች።»

ያን ጊዜ ነው ሦስተኛው መስመር ሚሊሜትር ጭንቅላት ውስጥ ቦግ ያለው። ሲጽፈው ዘጠኝ ሚሊሜትር ውስጥ ይገባ አይገባ እንደሆን እንጂ ምን እንደሚል ልብ ብሎት አያውቅም።

«ምናልባት… ዛይሊቶል የሚባል ነገር ይሆናል። የሆነ ቦታ ያነበብኩ ይመስለኛል።»

«የት ነው ያነበቡት?»

«እንጃ… ኢንተርኔት ላይ…»

«በ‹እንጃ› ጉበት አላክምም፤ እርግጠኛ ነዎት ወይስ አይደሉም?»

ሽማግሌው ወደ ድምፁ ዞረዋል። እሜቴ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ ተንፈራገጠች። ሚሊሜትር ፓኬቱን ከሐኪሟ እጅ ወሰደና የአውራ ጣቱን ጥፍር ከጠርዙ ሥር አስገባ። ዕድሜውን ሙሉ ካርቶን እንዲጣበቅ ሲደክም የኖረ ሰው የገዛ ሥራውን ቦጭቆ ከፈተው። ሙጫው ግማሹን ፊደል ይዞት ቀርቷል፤ «ዛይሊቶል» ግን ትነበባለች። ሐኪሟ ጽሑፉን አየች፤ ቀጥላ እሱን አየችው። ከዚያ ውሻዋን አቅፋ ወደ ውስጥ ሮጠች።

አግዳሚው ላይ ሁለቱ ቀሩ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ፓኬቱን ሰጣቸው። የተቦጨቀውን ጠርዝ በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩና መለሱለት።

«ምን ይላል?»

«‹ማጣፈጫው ዛይሊቶል ነው።›»

«ሌላስ?»

«‹ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል።›»

የሽማግሌው እጅ ሆዳቸው ላይ ሄዶ አረፈ። «ሌላስ?»

ሁለት ጊዜ ሞከረው። «‹ለውሾች መርዝ ስለሆነ… ከውሾች ይራቅ።›»

«እዚህ ውስጥ ማን ደበቀው?»

ሕጉን መጥራት ይችል ነበር። የሽያጭ ኃላፊውን፣ አለቃውን፣ መተንፈስ ያማረውን ቅጠል መጥራት ይችል ነበር። «እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ።

«ስትሰጠኝ ታውቅ ነበር?»

«የሆዱን አውቅ ነበር። የእሷን ረስቼው ነው፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ረስቼው ነው።»

ሽማግሌው ባዶ እግራቸውን አንዱን በአንዱ ላይ አደረጉ።

«አርባ ዓመት ደብዳቤ ለይቻለሁ» አሉ። «አድራሻ የሌለው አይቻለሁ፣ ዝናብ የበላው አይቻለሁ። ለተቀባዩ እንዳይደርስ ተብሎ የተጻፈ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

እሜቴ ተረፈች። ሦስት ቀን መርፌ ተሰክቶባት ተኝታ፣ በአራተኛው ቀን አልጫ ፊቷን ይዛ ቤቷ ገባች። ሚሊሜትር ሰኞ ዕለት አለቃው ዘንድ ሄዶ «ጽሑፉን ፊት ለፊት እናውጣው» አለ። አለቃው ግራ ገባው። «ተጽፏል አይደል እንዴ?» ሚሊሜትር ግን ቅጠሉን እኩሌታ አድርጎ ቆረጠና ሦስቱን መስመር በቦታው አስቀመጠ። የሽያጭ ኃላፊው «ቅጠሌን ገደላችሁት» ብሎ ሥራውን ለሌላ ማተሚያ ቤት ሰጠ። እዚያም ሌላ ሚሊሜትር አይጠፋም። የምስጋናው ወረቀት እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ፤ ሙጫው ጥሩ ስለሆነ አልነሳ ብሎ ነው።

ከረሜላው፣ የዱቄት ሾርባውና ቋሊማው ከቤት በወጡ በአሥረኛው ቀን የሽማግሌው ሆድ ዝም አለ። ጎመን በነፃ ተለቀቀ፤ ባቄላና ወተትም ተከተሉ፤ መስኮቱ ተከፈተ። ልጃቸው የሱሪውን ወገብ መልሳ ስታጠብ ባሏን አንድ ቃል አልተናገረችውም፤ መቀሷ ግን ብዙ ተናገረ።

ሽማግሌውም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሰላምታቸው ያው ነው፣ «ልጄ» ማለታቸው ያው ነው። ብቻ «ምን ይላል?» የምትለዋ ጠፋች። አዲስ ፓኬት፣ አዲስ ብልቃጥ ቤት በገባ ቁጥር ይዘውት ይወጣሉ፤ ፊት ለፊት የምትኖረውን መምህርት ያንኳኳሉ፤ እሜቴ ከኋላ ትከተላለች። መምህርቷ መነጽሯን አድርጋ በር ላይ ታነብላቸዋለች፤ «ሌላስ?» ሲሉ ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። ሚሊሜትር ያንን በሰማ ቁጥር ውስጡ ይቃጠላል። ቢሰድቡት፣ ቢጮኹበት በስንት ጣዕሙ!

አንድ እሑድ ጠዋት ሐኪሟ የፈቀደችውን የውሻ ብስኩት ገዝቶ መጣ። ሳይጠይቁት አጠገባቸው ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ። የፊቱን፣ የጀርባውን፣ የጎኑን፣ የፋብሪካውን አድራሻ፣ ካርቶኑን እርጥበት ቦታ አታስቀምጡ የሚለውን ሳይቀር አነበበ። ከዚያ እጥፋቱን ቦጨቀው። ነጭ ነው። ጣታቸውን ይዞ አስዳሰሳቸው።

«ሌላስ?» አሉ ሽማግሌው።

ስንት ሳምንት ሙሉ የናፈቃት ቃል!

«ሌላ የለም፣ አባባ።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉ፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ከዚያ ካርቶኑን ከእጁ ተቀበሉና ብብታቸው ሥር አደረጉት፤ «እሜቴ፣ ነይ እንሂድ» ብለው ወጡ። ሚሊሜትር የመምህርቷ በር ሲንኳኳ ሰማ።