አቼቶ የበላው ቀንድ አውጣ

ታካሚዬን ማደንዘዣው እስኪይዛቸው ትንሽ ጊዜ አለኝ። ልጻፈው።

የምሠራው ጭሮ፣ አንድ የግል ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ጥርስ አጥባለሁ። ጫት ያጠቆረውን ፍቄ ነጩን አወጣለሁ። የከተማው ግማሽ እኔ ፊት አፉን ከፍቷል። አማቴ አዴ ቀነኒ ብቻ እምቢ ብለዋል። ድዳቸው ይደማል፣ አንድ ጥርሳቸው መነቃነቅ ጀምሯል፣ ቶሎ ካልታጠበ ይወልቃል። «አንቺ ችኩል ነሽ» ይሉኛል።

ባለፈው ከመቻራ ሲመጡ የበር መደገፊያ ድንጋያቸውን ተሸክመው መጡ። ድንጋይ የሆነ ጥምዝምዝ ቀንድ አውጣ አለበት፣ ግን የድንጋይ ቅርፊት ሸፍኖታል። ባሌ ኤልያቄም ስልኩን ጎርጉሮ «ቅሪተ አካል ነው፣ የባሕር፣ ስንት ሚሊዮን ዓመቱ» አለ። እሳቸው «የኖኅ ውሃ ነው ያመጣው፣ ቸርች ለልጆቹ አሳያለሁ» አሉ። ተከራከሩ። እኔ ወጥ አማሰልኩ።

በመጨረሻ ድንጋዩን ጭኔ ላይ ቁጭ አደረጉት።

«አጽጂልኝ። በደህና ካወጣሽው አፌን እከፍትልሻለሁ። ግን ሱታ! ቀስ!»

«አዴ፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

በውሃና በጥርስ ብሩሽ ጀመርኩ። ከዚያ ያረጀ የብረት መፋቂያ ከክሊኒክ አመጣሁ። ከላይ በኩል መስመሮቹ ብቅ አሉ። ቆንጆ ነው። ግን ብፍቅ ብፍቅ የሚነሳው የምስር ፍሬ የምታክል ነው። በዚህ አያያዝ ጡረታ እወጣለሁ።

ማንቆርቆሪያው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ውሃችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ኖራ ይጋግራል፤ እኛ ቤት በአቼቶ ነው የምናስለቅቀው። ድንጋዩን ሳፋ ውስጥ አስተኛሁና ጠርሙሱን ገለበጥኩበት። እስከ ግማሹ ደረሰና አረፋ ደፈቀ። ደስ አለኝ። ሥራ ሄድኩ።

ያን ቀን ሙከሚል የሚባል የባጃጅ ሹፌር ጥርሱን በሎሚ ሲፈትግ ከርሞ መጣ።

«ሎሚ አሲድ ነው! ጥርስህን ይበላዋል! እንዴት ይሄን አታስብም?» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ መፋቂያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

«ምነው እህቴ፣ የኔ ባሰ እንዴ?»

«ያንተ አይደለም።»

ቤት ስደርስ የቀንድ አውጣው የታችኛው ግማሽ የተላሰ ከረሜላ መስሏል። አንድ መስመር የለም።

«እሱም እኮ ኖራ ነው» አለ ኤልያቄም። አሁን ነው የሚናገረው።

አዴ ቀነኒ እሑድ ከቸርች በፊት መጡ። ልደብቀው አሰብኩ። የበር መደገፊያ የት ይደበቃል? ሰጠኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት።

«መስመሩስ?»

«አቼቶ በላው።»

«አቼቶውን ማን አመጣው?»

«እኔ።»

«ላይኛውን ለምን ተውሽው?»

«አቼቶው አለቀ።»

ሳቁ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ እንዳላይ። ከዚያ ድንጋዩን ወደ መስኮቱ አዙረው የላዩን መስመር በጥፍራቸው ተከተሉ።

«ይሄኛውን በብሩሽ ነው ያወጣሽው?»

«አዎ።»

«በይ፣ እኔም የላይኛውን ጥርስ ብቻ ነው የማሳይሽ።»

ድንጋዩን ግማሽ ጎኑ እንደተላሰ ቸርች ይዘውት ሄዱ።

ዛሬ ወንበሬ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። የሚነቃነቀው የታችኛው ነው። እሱም ሱታ ይደርሳል።