ዘጠኝ ቁጥሩን አጥሪው

ልብስ ሰፊው ልጁን ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ በሸኘ ዕለት፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ ልጅቷ በመስኮት ብቅ ብላ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችው። «አባዬ፣ ቀጭኑን እንዳታስወስድ።»

ቀጭኑን በአካል አይተውት አያውቁም። ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ በሩቅ አገር የሚጫወት አጥቂ ነው። ቤተሰቡ በስልክ በሚጫወተው የአሰልጣኝነት ጨዋታ ውስጥ ግን የልብስ ሰፊው ንብረት ነው። ልጅቷ ጨዋታውን ስታስተምረው መጀመሪያ አብረው የመረጡት እሱን ነበር። ያኔ ከተጠባባቂ ወንበር የማይነሳ፣ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ ጎረምሳ ነበር። አባት ፎቶውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየና «ሲበዛ ቀጭን ነው፤ ልኩ ግን አልተዛባም» አለ። በቃ፣ ገዙት።

አሁን ቀጭኑ ጎል በጎል ሆኗል። ልጅቷም የራሷ ቡድን ቢኖራትም፣ እሱ በተጫወተ ቁጥር ለአባቷ ትደውላለች። ከጎሉ ይጀምሩና ምን እንደበላች፣ ከማን ጋር እንደምታጠና፣ ድምጿ ለምን እንደሻከረ ሳያስቡት ይደርሱበታል። ቀጭኑ ያልተጫወተ ሳምንት «ደህና ነኝ» የምትል አጭር መልእክት ብቻ ትመጣለች። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ቀጭኑ ቢነጠቅ የሚጎድልበት አጥቂ ብቻ እንዳልሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

የጨዋታው ሕግ ደግሞ ርኅራኄ የለውም። እያንዳንዱ ተጫዋች የማስለቀቂያ ዋጋ አለው፤ ያንን የከፈለ ተፎካካሪ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ መንጭቆ ይሄዳል። መከላከያው አንድ ነው፤ ከራስ የጨዋታ ሳንቲም እየቆረሱ ዋጋውን ከፍ ማድረግ። ቤተሰቡ ይህን «ማጠር» ይለዋል። አጥር የሌለው ተጫዋች የመንገድ ዳር እሸት ነው።

የነጠቃው ሊቅ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ጭልፊት የሚሉት ፀጉር አስተካካይ ነው። ፀጉር ቤቱ ከልብስ ስፌቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ልብስ ሰፊው እየቆረጠ በመስኮት ይጠብቀዋል። ጭልፊት ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ትቶት ስልኩ ላይ ካጎነበሰ፣ የሆነ ሰው ተጫዋች ሊያጣ ነው።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ዚፕ ሊገዛ ከተማ ወርዶ አውቶቡስ ላይ ሳለ፣ ጭልፊት ሁለት ተከላካዮች መሸጡን ስልኩ ነገረው። ጭልፊት ተከላካይ የሚሸጠው አጥቂ ሲያምረው ነው። ልብስ ሰፊው ጨዋታውን ሊከፍት ቢሞክር ኔትወርኩ ተልፈሰፈሰበት። መልእክት ግን ይሄዳል። የሱቁ ስልክ ሚስቱ እጅ ነው፤ ጨዋታውም እዚያ ላይ አለ። እንዲህ ሲል ጻፈላት፦ «ዘጠኝ ቁጥሩን አጥሪው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሰውየው ጨርቅ ላይ ክር ታህል አይስትም፤ «ሜትር» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለትም ለዚህ ነው። ስልክ ላይ ሲጽፍ ግን ፊደል ይበላል። «ቁልፍ ጨርሰናል» ለማለት «ቁፍ ጨሰናል» ይላል። ሚስቱ ለዓመታት የጎደለውን እየሞላች ማንበብ ለምዳለች። የዚያን ቀን ግን ሰውየው አንድም ፊደል ሳይበላ ጻፈ። እሷም አረመችለት።

«አሳጥሪው ማለቱ ነው» አለች ለራሷ። ጠረጴዛው ላይ ለመጋዘን ሠራተኞች የታዘዙ ሱሪዎች በጠመኔ ቁጥር ተጽፎባቸው ተደርድረዋል። ዘጠነኛው የረጅሙ ዘበኛ ነው። ትንሽ ገረማት፤ ሆኖም ሜትር ካለ አለ ነው። መቀሷን አነሳች።

ሰውየው እያለከለከ ገባ። «አጠርሽው?»

«አሳጠርኩት። ስንዝር ይበቃል ብዬ ነው።»

«የምን ስንዝር?»

«የሱሪው ነዋ። ዘበኛው መንገድ ላይ አጠረ እንዴ ብዬ ስገረም ነበር።»

ልብስ ሰፊው ሱሪውን አየ፣ ስልኩን ከፈተ፣ ከዚያ ተቀመጠ። የዘጠኝ ቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው።

«እንዲህ ከሆንክ ሱሪውን እቀጥለዋለሁ፣ ቁራጩን አልጣልኩትም» አለች ሚስቱ ደንግጣ።

«ሱሪውን ተይው።»

ወዲያው ጭልፊት ማበጠሪያውን እንደያዘ መንገዱን አቋርጦ ገባ። ፊቱ ግን የአሸናፊ ፊት አይደለም። «ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩ።»

«ወስደህብኝ ደግሞ ጉድ ሆንኩ ትላለህ?»

«የታል እኔ ጋ? ሳንቲሙን ሰብስቤ ስደርስ በሩ ክፍት፣ ቤቱ ባዶ። ልጅህ ቀደመችኝ። ይህቺ ልጅ በማን ወጣች?»

«በአጎቷ» አለች እህቱ።

ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ናት። «አባዬ፣ ለምን አላጠርከውም? አጎቴ ሲሸጥ አየሁት፤ አንተን ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ዝም። ያለኝን ተከላካይ ሁሉ ሸጬ እኔው ገዛሁት።»

«አጥሬው ነበር። እናትሽ ሱሪ ቆረጠችበት።»

ነገሩን አስረዳት። ሳቀች፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። ከሄደች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማትም።

«እንግዲህ የኔ ነው» አለች። «ከአሁን በኋላ ሲጫወት የምትደውለው አንተ ነህ። ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።»

«ትምህርት ላይ ትሆኛለሽ፣ አላስቸግርሽ ብዬ ነው እንጂ።»

«አስቸግረኛ።»

ልብስ ሰፊው የስልኩን ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረገ።

«ግን ባዶ ኪሴን ነኝ» ቀጠለች። «አዲስ የተገዛ ተጫዋች ጥቂት ቀን አይነካም፤ ከዚያ በኋላ ማጠሪያ የለኝም። አጎቴ ይወስደዋል።»

«እንዴታ» አለ ጭልፊት ከኋላ። «ሥጋ ዘመድ ሌላ፣ አጥቂ ሌላ።»

የሌላ ሰው ተጫዋች በቀጥታ ማጠር ጨዋታው አይፈቅድም። ልብስ ሰፊው የልጁን ቡድን ከፍቶ ጨርቅ እንደሚመረምር ሰው ከላይ እስከ ታች አየው። ታች፣ ከሁሉም መጨረሻ፣ እግሩ የተሰበረ በረኛ አገኘ። ያለውን ሳንቲም ሁሉ አቀረበለትና ስልኩን አስቀመጠ።

ጭልፊት በትከሻው ላይ አሻግሮ አይቶ ኖሯል። «ጋሼ፣ ምን ነካህ? ይሄ እኮ በክራንች የሚሄድ ሰው ነው። በዚህ ዋጋ?»

«ቁመናውን ወደድኩት።»

«ይሄ ማጭበርበር ነው። እትዬ፣ ባልሽን ተው በይው።»

«እኔ ደግሞ እሱን ማረም ትቻለሁ» አለች እህቱ፣ የዘጠነኛውን ሱሪ ቁራጭ መልሳ እያያያዘች።

የግዢ ጥያቄው ለልጅቷ ደርሷት ኖሯል። በስልኩ ውስጥ «አባዬ» አለች።

«እ።»

«ሸጥኩልህ። ቀጭኑንም አጠርኩት።»

«ደግ አደረግሽ።»

«በረኛው ግን እስኪድን ዓመቱ ያልቃል።»

«ይተኛ» አለ ልብስ ሰፊው። «ማን ይቀሰቅሰዋል።»