አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረባት ጣሳ

ረዲያ ቅጠሏን የሰረቀችው በጎረቤቷ በሙሚና ለቅሶ በሦስተኛው ቀን ነው። ቤት ውስጥ ቁርኣን እየተቀራ፣ ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተደርድረው እንባቸውን ሲጠርጉ፣ እሷ ውዱእ ላድርግ ብላ ወጣች። ውዱኡንም አድርጋለች፤ አልዋሸችም። ችግሩ የውሃው በርሜል የሙሚና አበቦች ካሉበት በረንዳ አጠገብ መቀመጡ ነው።

አበባ ይባሉ እንጂ የሚያብቡት ከስንት አንዴ ነው፤ ውበታቸው ቅጠላቸው ላይ ነው። እንደ እንዳሁላ ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረ ቅጠል። አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ብርቱካንማ፣ አንዱ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ሰማያዊ። የረዲያን ልብ የወሰደችው ግን ቅጠሎቿ እንደ ጽጌረዳ የተደራረቡት፣ ፀሐይ ሲነካት ዳር ዳሯ የሚቀላው ነበረች። ሙሚና «ሙሽራዬ» ትላት ነበር።

ረዲያ ጭሮ ከተማ ጫት ስትሸጥ ሃያ ዓመት ሆኗታል። ቅጠል በጣቷ ዳስሳ የገለምሶ ይሁን የመሰላ ትለያለች። እንዲህ ያለች ሴት ለአንዲት ቅጠል ሦስት ጊዜ ለምና ሦስት ጊዜ «ቆይ እስቲ፣ ገና ልጅ ናት» ተባለች። ሙሚና ስኳር ብትጠየቅ ከነጣሳው የምትሰጥ ሰው ነበረች፤ አበቦቿ ላይ ስትደርስ ነው እጇ የሚታሰረው። ሦስተኛው ልመና የረመዳን ሰሞን ነበር፤ ያኔ ሙሚና ታማለች። ረዲያ ተቀየመች። ከዚያ ወዲያ አልጋ ላይ የተኛች ጎረቤቷን ሄዳ ያየቻት አንዴ ብቻ ነው።

በዚያ በለቅሶው ቀን ሙሽራዋ ከኋለኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ከፊቷ አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረባት የዱቄት ወተት ጣሳ መንገድ ዘግታለች፤ ውስጧ ገና ምን እንደሆነች የማትለይ፣ ጥፍር የምታህል ችግኝ አለች። ረዲያ ጣሳዋን አንስታ በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሥር ገፋ አደረገቻት። ከዚያ ከሙሽራዋ አንድ ቅጠል ከሥሩ ጠምዘዝ አድርጋ ነቀለች፣ የሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረች፣ ተመልሳ ገብታም ለሟቿ ከተደረገው ዱዓ ጋር «አሚን» አለች።

ቅጠሏ መያዟ ነው የጉዱ ጉድ። ቁስሏ እስኪደርቅ ሳምንት ጥላ ላይ አቆየቻት፣ ጠጠር በበዛበት አሸዋ ላይ አጋደመቻት። ከወር በኋላ እንደ ክር የቀጠነ ሥር፣ ከሥሩ ራስ ላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል ሙሽራ ብቅ አለች። በዓመት ከመንፈቋ መስኮቱን ሞላችው። ሴቶቹ «ይቺን ከየት አመጣሻት?» ሲሏት «ድሬ ያለችው እህቴ ልካልኝ» አለች። ባሏ በድሪ እህቷን ስለሚያውቃት «እህትሽ እንኳን አበባ ሰላምታም ልካ አታውቅም» ብሎ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተክሏን ባየቻት ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ልትጥላት ፈለገች፤ አሳዘነቻት። ወደ ሙሚና ቤት የሚወስደውን መንገድም መዞር ጀመረች።

አንድ ቅዳሜ ሳብሪና መጣች፤ መቻራ ያገባችው የሙሚና ልጅ። ረዲያ ድምጿን ከበር ስትሰማ ሙሽራዋን አንስታ መጋረጃው ኋላ ደበቀቻት። ልጅቷ ገብታ ተቀመጠችና ከፌስታል ውስጥ አንዲት የዱቄት ወተት ጣሳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የደረቀ አፈር ነው ያለባት። ወገቧ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል።

«እትዬ ረዲያ፣ አውፍ እንዲሉኝ፣ ይቅር እንዲሉኝ ነው የመጣሁት» አለች ሳብሪና። «አማና በልቻለሁ፣ የእማዬን አደራ። እማዬ ልትሞት ሰሞን ‹አረንጓዴ ጨርቅ ያሰርኩባት የረዲያ ናት፤ በደንብ ሥር ሳትይዝ ብሰጣት ሞታባት ታዝናለች ብዬ ነው ያቆየኋት› ብላኝ ነበር። ለቅሶው እንዳበቃ ልሰጥዎት ፈለግኳት፣ አጣኋት። አንዱ ወስዷት ነው ብዬ ተውኩት። ሌሎቹም ቤቱን የተከራዩት ሰዎች ሳያጠጧቸው ደረቁ። ትናንት ቤቱን ሳጸዳ ይቺን አግዳሚው ሥር አገኘኋት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጎንበስ ብዬ እንኳ አልፈለግኋትም።»

ከረዲያ የሚጠበቀው «አውፍ ብዬሻለሁ» ማለት ብቻ ነበር። ልጅቷ ቀልሏት መቻራ ትገባለች፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን ዓይኗ ጣሳዋ ላይ ነው፤ ስትገፋት የነካችው ቅዝቃዜ እጇ ላይ ያለ መሰላት። ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችና ሙሽራዋን አምጥታ ጣሳዋ አጠገብ አስቀመጠች።

«የእማዬ ሙሽራ» አለች ሳብሪና ቀስ ብላ።

«ናት። በሦስተኛው ቀን ቅጠሏን ሰርቄ ነው። ጣሳዋንም አግዳሚ ሥር የከተትኳት እኔ ነኝ፣ እጄ እንዲደርስልኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ።»

ረዲያ ስድብ ጠበቀች፤ ስድብ ቢመጣ ደስ ባላት። ሳብሪና ግን «ታማ ሳለች ለምን ቀሩ?» ብላ ጠየቀች። «እማዬ በር በሩን ታይ ነበር።»

«ለቅጠል ብዬ» አለች ረዲያ። «ተቀይሜያት።» ከዚያም አለቀሰች።

ሳብሪና አላባበለቻትም። ከሙሽራዋ አንዲት ቅጠል ልክ እንደ እናቷ ጠምዘዝ አድርጋ ነቀለች፣ በጣሳዋ ደረቅ አፈር ላይ አጋደመቻት፣ የላላውን ጨርቅ አጥብቃ አሰረችና ጣሳዋን ረዲያ እጅ ላይ አኖረች።

«ይቺ እማዬ የሰጠችዎት ናት» አለች። ትልቋን ሙሽራ አቅፋ ተነሣች። አውፍ ሳትላት ወጣች፤ ረዲያም አውፍ በይኝ ለማለት ድፍረት አጣች።

ጣሳዋ አሁን በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ላይ ናት። በማግስቱ አንዲት ጎረቤት አይታት «ይቺንም እህትሽ ናት የላከችው?» ብላ ጠየቀች። ረዲያ «አይ፣ ሙሚና ናት የሰጠችኝ» አለች፤ ከዚያም ጎረቤቷን አስቀምጣ ትልቋን ከየት እንዳመጣቻት ነገረቻት።