የሌለው ፉጨት

«አሁን ደግሞ የሳምንቱ አንደኛዬ» አለ አዘጋጁ፣ አፉን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠግቶ። «በዚህ ሳምንት መኪና ውስጥም፣ ወጥ ቤትም፣ ጢሜን ስላጭም የሰማሁት እሱን ነው። ባለቤቴ ቤቱን ጥላልኝ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ሌላው ሁሉ ይቅርና መግቢያው ላይ ያለችውን ፉጨት ስሙልኝ። እንዲህ የሚያፏጭ ሰው፣ የናፈቀው ሰው አለ።»

ዘፈኑ ጀመረ። አዘጋጁ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን በጠረጴዛው ላይ ያወዛውዝ ጀመር። ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጠችው ቴክኒሽያን ግን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ የራሷን ማዳመጫ አውልቃ መልሳ አጠለቀችው።

ይህ የቅዳሜ ጠዋት ዝግጅት ብዙ ዓመት ያስቆጠረ ነው። አዘጋጁ ሳምንቱን ሙሉ ካዳመጣቸው ዘፈኖች የወደዳቸውን ያመጣል፤ አለቀ። ጉቦ የለ፣ አማላጅ የለ። አንድ ዘፋኝ ሽቶ ይዞለት ቢመጣ ሽቶውንም ዘፋኙንም ከበር መልሷል። ደውለው አስተያየት የሚሰጡትም በሙያቸው እንጂ በስማቸው አይጠሩም። «ስም ከተጠራ ሰላምታው ብቻ ሰዓቱን ይጨርስብኛል» ይላል። አድማጩም ሕጉን ለምዶታል።

የሳምንቱ አንደኛ አንዲት ወጣት እንደገና የተጫወተችው የድሮ ዘፈን ነበር። እንዳለቀ የስልኩ መብራቶች ሁሉ ባንድ ላይ በሩ።

«ጋሼ፣ የታክሲ ሾፌሩ ነኝ» አለ የመጀመሪያው። «ፉጨቷን ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት። ሬዲዮኔ ነው ወይስ መንገድ ላይ ወረደች?»

«ነርሷ ነኝ። እኛም ጋ አልደረሰችም!»

አዘጋጁ ነገሩ ባይገባውም አብሮ ሳቀና ማስታወቂያ አስገባ። ቴክኒሽያኗ በሩን ከፍታ ገባች።

«ጋሼ፣ አዲሱ ላይ እኮ ፉጨት የለም።»

«እንዴት የለም? አሁን ሰማሁት!»

«ፉጨት ያለው የድሮው ላይ ነው። ዘፋኟ አውጥታዋለች፤ በፒያኖ ነው የሚጀምረው።»

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ዘፈን ሰምቻለሁ።»

ቴክኒሽያኗ አልተከራከረችም። ሁለቱንም መግቢያዎች፣ መጀመሪያ የድሮውን፣ ቀጥሎ አዲሱን፣ በማዳመጫው አሰማችው።

«ፉጨት ያለው የትኛው ነው?»

«ሁለቱም።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የሰዓቷ ምልክትስ? ከመናገርዎ በፊት ጢጥ የምትለዋ፣ ትሰማዎታለች?» አለችው።

አዘጋጁ ሊቆጣ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። ከብዙ ጊዜ ወዲህ መናገር የሚጀምረው የቴክኒሽያኗ እጅ ሲወርድ አይቶ ነው። ጢጥ የምትለውን ድምፅ መቼ እንደሰማት ማስታወስ አልቻለም። ሚስቱ ቴሌቪዥኑን ቀንስ እያለች የምትጨቀጭቀው፣ የበሩ ደወል ተበላሸ ብሎ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ሰውየው ግራ ገብቶት የሄደው፣ ሁሉም ተሰብስቦ መጣበት። ፈራ። ከሁሉ ያስፈራው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የወደዳቸው ዘፈኖች ነበሩ፤ የትኛውን በጆሮው እንደሰማ፣ የትኛውን ትዝታው እንደዘፈነለት መለየት አቃተው።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ስልኩን እያየ ገባ። አብረው ያደጉ ያህል ይቀራረባሉ።

«አገሩ ሁሉ እየሳቀ ነው» አለ። «ግድ የለም። ፈተና ነበር በላቸው። ንቁ መሆናችሁን ልይ ብዬ ነው በል፤ ጨዋታ ሆኖ ያልፋል።»

«ፈተና አልነበረም።»

«እሱን እኔና አንተ እናውቃለን።» ሥራ አስኪያጁ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ፤ ወዲያው ሐሳቡን ቀይሮ ፊት ለፊቱ ቆመ። «ስማኝ። ጆሮው የከዳው ሰው ዘፈን ይምረጥልን የሚል አለቃ የለም። የቅዳሜን ሰዓት ስጡን የሚሉ ወጣቶች በሬን ሊነቅሉት ነው። ቀልደህ እለፋት።»

አዘጋጁ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ለመናገር እፎይ ብሏል። ፈተና ነበር ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቃል ነው።

ሥራ አስኪያጁና ቴክኒሽያኗ ወደ መስታወቱ ማዶ ሄዱ። ማስታወቂያው አልቆ የቴክኒሽያኗ እጅ ወረደ። አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ነገር ግን ከመናገሩ በፊት ልጅቷ አንድ ስልክ ጠቆመችው። ሲጠብቅ የቆየ ሰው ነበር።

«ልብስ ሰፊው ነኝ» አለ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ። ሽማግሌው ቅዳሜ ሳይደውሉ አይውሉም። «ሰዉ አብዷል እንዴ? ፉጨቷን እኔ ሰምቻታለሁ! ጥርት ብላ! እነዚህ ልጆች ጆሯቸው ላይ ያንን ነገር ወትፈው እየዋሉ ነው የደነቆሩት። የልጅ ልጄ እዚህ ተንከትክታ እየሳቀችብኝ ነው። እስቲ አንተው ንገርልኝ፣ ወንድሜ።»

ከመስታወቱ ማዶ ሥራ አስኪያጁ አውራ ጣቱን አነሳ። በል፣ ማለቱ ነው።

አዘጋጁ የተዘጋጀችውን ቃል ምላሱ ላይ ይዞ ቆየ። አሁን ፈተና ነበር ቢል እሱ ብልጥ ይባላል፤ ሽማግሌው ግን በአገር ፊት፣ በልጅ ልጃቸው ፊት መሳቂያ ይሆናሉ። አንጀቱን በሉት።

«አባቴ» አለ። «እኔም ሰምቻታለሁ።»

«ይኸው! ሰማሽ አንቺ?»

«ግን የለችም።»

«ምን አልክ?»

«ዘፈኑ ላይ ፉጨት የለም። እኔና እርስዎ የሰማነው የድሮውን ነው። ጆሯችን ደክሞ፣ የጎደለውን ትዝታ ሞላልን። እኔ ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። እርስዎም የልጅ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ።»

 

«ሁለታችንም?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ሁለታችንም።»

«ወይ ጉድ። እኔ እኮ የስፌት መኪናዬ ሲጥ ሲጥ ማለቷን ስትተው፣ ዘይቱ ነው ብዬ ነበር።»

አዘጋጁ ከልቡ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ። አዘጋጁ ቀና ሲል ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ማዶ አልነበረም፤ የቢሮው በር ሲዘጋ ግን አየው።

አንድ ዘፈን ቀርቷል። ሳምንቱን ሙሉ ወድጄዋለሁ ያለው፣ አሁን ግን ምን ምን እንዳለበት የማያውቀው ዘፈን ነው። ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የመጨረሻውን ዘፈን የምትመርጥላችሁ ቴክኒሽያኗ ናት» አለ። «መግቢያው ላይ ምን እንደሚሰማም የምትነግረን እሷ ናት፤ እኔም እንደ እናንተ አዳምጣለሁ።»

ከዚያ ማይክሮፎኑን ወደ ጎኑ ወዳለው ባዶ ወንበር አዞረና፣ በእጁ ነይ ብሎ ጠራት።