ሁለት ሠርግ የተጠራ ሰው

በሠርጋችን ቀን የሚስቴ አባት ከአዳራሹ ጠፉ። ምሳ ቀርቦ፣ ሽማግሌዎች ሊመርቁ ተነሥተው፣ የሙሽራዋ አባት ወንበር ባዶ ነበር። ፎቶ አንሺው እየደጋገመ ይጠይቀን ነበር። በኋላ እንደሰማነው፣ ያን ዕለት የወዳጃቸው የአቶ ቀጸላ ልጅም እዚሁ ኮሎራዶ፣ ኮሜርስ ሲቲ በሚባል ከተማ ባለ ሌላ አዳራሽ ታገባ ነበርና አማቴ ጋሽ ጣሰው የሰው ጥሪ ላለመናቅ መኪናቸውን አስነሥተው ወደዚያ ሄደዋል። እዚያ ክትፎ በልተው፣ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ተነሥተው፣ ትንሽ እስክስታ ወርደው፣ የእኛ ኬክ ሳይቆረስ ተመለሱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር።

«የት ነበርክ፣ አባዬ?» አለች ስምረት።

«እዚሁ ነኝ። ሁለት ሠርግ የተጠራ ሰው ሁለቱንም ይደርሳል» አሉና ቢላዋውን ከእኛ ጋር ያዙ።

ስምረት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር መስሎን ነበር።

ጋሽ ጣሰው ቫኖች አሏቸው። መንገደኛ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ያመላልሳሉ። ሆቴሎቹ የሮን ናቸው። ሮን ፊቱ የቀላ፣ ሰውን ሁሉ ጀርባውን እየመታ ሰላም የሚል፣ የጋሽ ጣሰውን ስም ይህን ያህል ዓመት አብሯቸው ሠርቶ አስተካክሎ መጥራት ያልቻለ ሰው ነው። «ታዝ» ይላቸዋል። እሳቸውም «የስ፣ ሮን» ይላሉ።

በቫናቸው የኋላ ክፍል ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ ሁለት ኮፍያ ይቀመጣል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ የዴሞክራቶቹ፤ አንዱ ቀይ፣ የሪፐብሊካኖቹ። መጋዘን ሥራ ሳልጀምር በፊት ጥቂት ጊዜ አብሬያቸው ሠርቻለሁና ያየሁትን ነው የምናገረው። ተሳፋሪው ከዩኒቨርሲቲው ከተማ ከቦልደር የመጣ መነጽራም ከሆነ ሰማያዊው፣ የከብት አርቢ ጫማ ያደረገ ከሆነ ቀዩ ከፊት መስታወት ሥር ይቀመጣል። ከዚያ ተሳፋሪው አፉን ሳይከፍት ጋሽ ጣሰው ይቀድሙታል። «ይህች አገር ወዴት እየሄደች ነው?» ይላሉ። ሰውዬው ወደየትም ናት ቢል፣ ለእሳቸውም ወደዚያው ናት።

ኮፍያ ብቻ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። ዜግነት እንዳገኙ ዴሞክራት ሆነው ተመዘገቡ፤ በዚያ ሰሞን ያልሆነ ሐበሻ አልነበረም። በፈረንጆቹ 2014 ሮን «ታዝ፣ አንተ እኮ ቢዝነስ ያለህ ሰው ነህ» ስላላቸው ሪፐብሊካን ሆኑ። ከዚያ ሃቫና ስትሪት ያለው የንጉሰ ሻይ ቤት በሙሉ ዴሞክራቶቹ ዕጩያቸውን ስለሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ሲሟገት ጊዜ ዳር መቅረት አልወደዱም፤ ተመልሰው ዴሞክራት ሆኑ። በ2016 ኖቬምበር የሆነው ሆነ፤ ሪፐብሊካኖቹ አሸነፉ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ስልካቸውን ከፍተው እንደገና ሪፐብሊካን ሆኑና «የኔ ልብ ድሮም እዚያ ነበር» አሉን። በዚህ አገር ፓርቲ መቀየር ጎማ ከመቀየር ይቀላል፤ ጃክ እንኳ አያስፈልገውም።

ከዚያ የኮሎራዶ ሕግ ተለወጠ። የማንም ፓርቲ አባል ያልሆነ ሰው የሁለቱም ፓርቲዎች የቅድመ ምርጫ ወረቀት በፖስታ ይላክለታል፤ ከሁለቱ ግን አንዱን ብቻ ሞልቶ ይመልሳል ተባለ። ጋሽ ጣሰው የሰሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ዜግነት ያገኙ ቀን እንኳ እንደዚያ ቀን አልተደሰቱም። ወዲያው ከፓርቲ ወጡ።

በ2018 ስምረት በዴሞክራት በኩል ለስቴቱ ምክር ቤት ልትወዳደር ተነሣች። የነርስ ረዳት ናት። የምንኖርበት የኦሮራ አፓርታማ ኪራይ በየዓመቱ ሲጨመር፣ ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን በጥቁር ፌስታል እየያዙ ሲወጡ ስታይ ኖራ፣ አንድ ቀን «እኔ እገባለሁ» አለች። በቅድመ ምርጫው ከራሷ ፓርቲ ከተነሣ አንድ ጠበቃ ጋር ነበር የምትወዳደረው። እሱ ገንዘብ አለው፤ እሷ ሐበሻው አላት። ሐበሻው ከመረጠ ታልፋለች፤ ካልመረጠ አታልፍም፤ ሌላ ዕድል አልነበራትም። ሐበሻው ደግሞ የሚነሣው ከንጉሰ ሻይ ቤት ነው፤ በሻይ ቤቱ መካከለኛ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ጋሽ ጣሰው ናቸው።

ለዚያው ወንበር በሪፐብሊካን በኩል የተነሣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሮን።

«አባዬ» አለች ስምረት፣ ቤታቸው ሄደን፤ «ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ሰዎቹን አንተ አናግርልኝ። ወረቀቱን እንዲሞሉ፣ ሜይል እንዲያደርጉ።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ይጠየቃል? ለኔ ተይው።»

«ሮንስ?»

«ሮን ምን አገባው?»

«ለዚያው ወንበር ነው እኮ የሚወዳደረው።»

«አውቃለሁ። አታስቢ። እኔ የማልይዘው ሰው የለም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ሊዑል፣ ለሚስትህ ምን እየሠራህ ነው?»

«በራሪ ወረቀት አድላለሁ፣ ጋሼ።»

«ዝም ብለህ ነዋ የምታድለው! አንተ እኮ በሁለቱም በኩል ድምፅ የለህም» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። ዜግነቴ ገና ስለሆነ መምረጥ አልችልም፤ ሰው ፊት ቆሜ መናገርም አይሆንልኝም። ስምረት «ሁለት ቃል ብቻ በል» ብላ ስንት ጊዜ ለምናኛለች። ምላሴ ይታሰራል።

ያን ዕለት የስምረትን የምርጫ ሰሌዳ በረንዳቸው ፊት ያለው ሣር ላይ ስተክል ጋሽ ጣሰው ወጥተው ቆሙ።

«ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ አድርገው።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«እንዲያው።»

በማግስቱ በቀኝ በኩል የሮን ሰሌዳ ቆሞ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘርፈሽዋል በመስኮት አይተው «ምነው፣ ለሦስተኛ ሰው ቦታ አልተረፈም?» አሉ።

ጁን አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ስምረት ለሥራ ልብሷን እየለበሰች ስልኳን አየችና እጇ ቆመ። «አባዬ ፖስት አድርጓል» አለች።

ፎቶው ላይ ጋሽ ጣሰው ሙሉ ልብስ ለብሰው ምግብ ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠዋል። ሁለት የተሞሉ ወረቀቶች እንደ ካርታ ዘርግተው ይዘዋል፤ በአንዱ የስምረት ስም፣ በሌላው የሮን ስም ቀልሟል። ከሥሩ «የዜግነት ግዴታዬን ተወጣሁ። ለልጄም፣ ለወዳጄም» ይላል። ከዚያ በታች አቶ ቀጸላ ጽፈዋል፦ «እንዳስተማሩን አድርገናል፣ ጋሽ ጣሰው። እኛም ሁለቱንም ልከናል።»

ስምረት ሥራዋ ደውላ እንደምትዘገይ ተናገረችና ወደ ንጉሰ ሻይ ቤት ነዳሁላት።

ሻይ ቤቱ ሙሉ ነበር። ስትገባ «ዕጩዋ መጣች!» ብለው አጨበጨቡ።

«አባዬ፣ ወረቀቱን ልከሃል?»

«ትናንት። ሁለቱንም በአንድ ፖስታ።»

«ሁለቱ ከተላኩ ሁለቱም ይጣላሉ። አንዱም አይቆጠርም። አብሮ በመጣው መመሪያ ላይ አለ።»

ጭብጨባው ቀረ።

«ማን ነው የሚጥለው?» አሉ ጋሽ ጣሰው፣ ሰው እንደሰደባቸው ሁሉ። «ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ቴምብር ተለጥፎበት?»

«ሕጉ ነው።»

«ታዲያ ለምን ሁለቱን ላኩልኝ? ሁለት ድግስ ጠርተው ሲያበቁ አንዱን ብቻ ብላ ይባላል?»

አቶ ቀጸላ ኩባያቸውን እያሽከረከሩ «እኔ እኮ ላንቺ ብቻ ልልክ ነበር፣ ስምረት» አሉ። «‹ጨዋ ሰው ጠሪ አያማርጥም› ያሉኝ አባትሽ ናቸው።»

«ሁለቱንም የላካችሁ ስንት ናችሁ?»

አንድ እጅ ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላ። ከግድግዳው በኩል ደግሞ ሌሎች። ስምረት በዓይኗ መቁጠር ጀምራ ነበር፤ ተወችው።

«እኔ አንዱን ነው የላክሁት» አሉ ጋሽ ንጉሰ ከባንኮኒው ኋላ። «ያንቺን። ሁለተኛውን መሙላት ሰለቸኝ።»

ከዚያ ሁሉ ጨዋ መካከል የጠቀማት አንድ ሰነፍ ነው።

ስምረት አባቷ ፊት ተቀመጠች። «አባዬ፣ ሮን በዚህ ዙር ተፎካካሪ የለውም። ብቻውን ነው። ማንም ባይመርጠው ያልፋል። ለምን መረጥከው?»

«ቢጠይቀኝስ? ዓይኑን እያየሁ ልዋሽ?»

«ማን ይጠይቅሃል? ምሥጢር እኮ ነው።»

«ሰው ነው፣ ሊጠይቅ ይችላል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፣ ልጄ። የሥራም ነገር አለ።»

«እኔስ ብጠይቅህ?»

«አንቺንማ መረጥኩሽ!» አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው። «ፎቶውን አላየሽም?»

ስምረት ተነሥታ ወረቀታቸውን ገና ያልላኩ ጥቂት ሰዎች ዘንድ ሄደች፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ አስረዳች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሰዎቹን አያቸው ነበር። ነገሩ አገር ቤት ቢሆን ፍርሃት ነው እል ነበር። እዚያ ቀበሌው ማን የት እንደቆመ ያያል፤ ካልጣመው ስኳር ይከለክላል፣ ዘይት ይከለክላል። እዚህ ማን ስኳር ከለከላቸው? ከመካከላቸው ሮንን አንድ ቀን እንኳ አይቶት የማያውቅ ነበረበት። ማንም ሳያስፈራራቸው ጎንበስ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ጎንበስ ማለታቸውንም ጨዋነት ይሉታል። ስምረት ስትወጣ መልሰው አጨበጨቡላት።

ምርጫው ማክሰኞ ተጠናቀቀ። አመሻሹ ላይ የኮሙኒቲውን አዳራሽ ተከራይተን ሳምቡሳና ለስላሳ አቀረብን፤ ውጤቱን ከስምረት ስልክ እያየን ተቀመጥን። በመጀመሪያ ጠበቃው መራ። ቀጥሎ እሷ ተጠጋችው። ከዚያ ቁጥሩ ቆመ፤ በጥቂት ተበለጠች። አባቷ የመከሯቸው ሰዎች ልዩነቱን ይሞሉት እንደሆነ አላውቅም። እሷም አልጠየቀችም፤ ስልኳን ብቻ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ጋሽ ጣሰው ተነሥተው ንግግር አደረጉ። ፖለቲካ ማሸነፍም መሸነፍም ያለበት ነው፣ ዋናው ተሳትፎው ነው፣ እኔ እንደ አባት ኮርቻለሁ አሉ። ሰው አጨበጨበ። እየተጨበጨበላቸው ሰዓታቸውን አዩ። ሮን ሆቴሉ ውስጥ ድግስ ነበረው።

«መጣሁ» አሉ፣ የቫኑን ቁልፍ ከኪሳቸው እያወጡ። «ብቅ ብዬ፣ እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ብቻ። ኬኩ ሳይቆረስ እመለሳለሁ።»

እኛ ኬክ አልነበረንም።

«እዚያው አምሽ፣ አባዬ» አለች ስምረት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እሳቸው እንደ ምርቃት ቆጠሩት መሰለኝ፤ ግንባሯን ስመው ወጡ።

ሰዉ ስምረትን ያይ ጀመር። እሷ ሳህኖቹን እያየች ነበር፤ የምትናገር አልመሰለኝም። ተነሣሁ። «ስለመጣችሁ እናመሰግናለን» አልኩ። ሁለት ቃል ነው። ወጣልኝ።

ወንበሮቹን አጥፈን፣ ወለሉን ጠርገን፣ የተረፈውን ሳምቡሳ መኪናችን ውስጥ ስናስገባ ገና ሙሉ በሙሉ አልጨለመም ነበር። ቫኑ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ጋሽ ጣሰው በአልሙኒየም ወረቀት የተሸፈነ ሳህን ይዘው ወረዱ። ቀዩን ኮፍያ ማውለቅ ረስተዋል።

«አለቀ እንዴ?»

«አለቀ» አለች ስምረት።

«ኬክ አምጥቼልሻለሁ። ሮን በገዛ እጁ ነው የቆረሰልኝ። ‹ለልጅህ› አለኝ። ጥሩ ሰው እኮ ነው።» ሳህኑን ሰጧት። እሷም ተቀበለችው። ፊቷን ቢያዩት ምናልባት ዝም ይሉ ነበር፤ ግን አላዩትም። «ደግሞ እንዲህ አትዘኚ። እንዲያውም ተገላገልን። እኔ ስለ ኖቬምበር ሳስብ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት። በኖቬምበር ወረቀቱ አንድ ብቻ ነው፤ አንቺና ሮን ጎን ለጎን ልትሆኑ ነበር። ምን ልሆን ነበር እላለሁ። አሁን ከእናንተ ሮን ብቻ ቀረ፤ እሱን እመርጣለሁ፣ አበቃ። ችግር የለም።»

ስምረት ሳህኑን ለእኔ አቀበለችኝና ገብታ የመኪናውን በር ዘጋች።

«ደክሟታል» አሉ ጋሽ ጣሰው።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በል እንግዲህ፣ ኤርፖርት መንገደኛ ይጠብቀኛል።» ወደ መሪያቸው ሲዞሩ ሳህኑን ቫኑ ጣሪያ ላይ አስቀመጥኩት። አላዩኝም። ገብተው ቀዩን ኮፍያ አወለቁ፤ ስልካቸው ላይ የመንገደኛውን ስም አነበቡ፤ ትንሽ አሰቡና ሰማያዊውን አወጡ። ጡሩንባ ነፍተውልን ሄዱ። የሳህኑ አልሙኒየም ወረቀት እስከ መታጠፊያው ድረስ ጣሪያው ላይ ሲያብረቀርቅ ይታየኝ ነበር።